ውሻዎን ለማን አደራ ሰጥተው ይሄዳሉ?

አንባቢ ሆይ፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት፥ በማለዳ፥ ለገሃር ታክሲ መያዣው ዘንድ ቆመው ያውቃሉ? ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደ መናኸሪያ ይጣደፋል። አንዱ ለእናቱ የገዛውን ጃንጥላ በብብቱ ሸጉጧል፤ ሌላው ለታናናሾቹ ደብተርና ከረሜላ በፌስታል አንጠልጥሏል፤ ደመወዙን ትናንት የተቀበለው ወጣት ጸሐፊ ደግሞ ኪሱን ደጋግሞ ይዳብሳል። ቤቱን ቆልፏል፤ የመብራቱን ሒሳብ ከፍሏል፤ የዓመት ፈቃዱን አለቃው ፈርመውለታል። አንድ ነገር ብቻ ሳይሰናዳ ቀርቷል፤ እርሱም በግቢው በር ሥር አፍንጫውን አውጥቶ የሚሸኘው ውሻ ነው።

ለገሃር የመሄድና የመምጣት ሠፈር ከሆነ ቆይቷል። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ በዚህ ደጃፍ ስንት ሰው ተሰነባብቷል። አሮጌው ባቡር ዛሬ አያፏጭም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡርም የሚነሣው ከከተማው ዳር፥ ከፉሪ ለቡ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት እንኳ፥ በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ጊዜ ከቆመ በኋላ፥ በወረራው ዘመን ጣልያኖች ሮም ወስደውት ስንት ዓመት ቆይቶ የተመለሰ መንገደኛ ነው። እርሱ ግን ሐውልት ስለ ሆነ የሚያበላው ሰው አላስፈለገውም።

ይህን ሁሉ ያስጀመረኝ አንድ በካዛንቺስ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። «ለአንድ ወር ሥልጠና ወደ ሐዋሳ እላካለሁ፤ ብቻዬን የምኖር ነኝ፤ ውሻዬን የሚይዝልኝ ታማኝ ሰው እንዴት አድርጌ ልምረጥ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል መስሎት በመሐል ሳቅ አለ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ለምን እንዳልሳቅሁ ላጫውትዎ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። ማስተማር ከጀመርሁ ገና አንድ ዓመት መሙላቴ ነበር፤ ከለገሃር ብዙም በማይርቅ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ቡቺ የሚባል ውሻ አለኝ። (ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ በዚህ አገር ከሁለት ውሾች አንዱ ቡቺ ሳይባል አይቀርም።) ነሐሴ መባቻ ላይ እናቴን ለመጠየቅ ደብረ ማርቆስ ለመሄድ ተነሣሁ። በግቢያችን አንድ የዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ጨዋ፥ ትሑት፥ ውሻ የሚወድ ልጅ ነው። ቡቺም ይወደው ነበር። «ቲቸር፤ አያስቡ፤ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማየው» አለኝ። እኔም ለምግቡ የሚሆን ገንዘብ ሰጠሁት፤ የልኳንዳ ቤቱን ባለቤት አሳየሁት፤ ክፍሌን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ሄድሁ። የነገርሁት ነገር ቢኖር ውሻው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚበላ ብቻ ነበር።

የቡሄ ዋዜማ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ልጆች ጅራፍ ገምደው ከቀትር ጀምሮ ያጮኻሉ። የሰው ጆሮ ይለምደዋል፤ የውሻ ጆሮ ግን ከእኛ ይልቅ እጅግ ስሜት ያለው ስለ ሆነ፥ ፈሪ ውሻ በዚያ ቀን መግቢያ ያጣል። ቡቺ ጅራፍ እንደሚፈራ እኔ አውቅ ነበር፤ ዓምና ከአልጋዬ ሥር ገብቶ ውሎ ነበርና። ለልጁ ግን አልነገርሁትም። በነሐሴ 12 ቀን ማታ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ፤ የግቢው በር ገርበብ ብሎ ቀረ፤ ውሻው በጅራፉ ድምፅ ተደናግጦ በረረ፤ በመንገዱ ላይ የቆመችውን የጎረቤታችንን የሰባት ዓመት ሴት ልጅ ክንዷን ነክሶ ወደ ጨለማው ገባ።

እኔ ይህን የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ የሰማሁትም ከልጁ አይደለም። ልጁ «ውሻው ይመለሳል፤ ቁስሉም ይድናል፤ ቲቸርን ከእናታቸው ዘንድ ለምን አስጨንቃለሁ» እያለ ሁለት ቀን ሙሉ ስልኬን ሳይደውል ቀረ። ስደውልለትም «ሁሉ ሰላም ነው» አለኝ። የነገረችኝ የሕፃኗ እናት ናት። ቁጥሬን ከአከራዬ ተቀብላ ደወለችና፥ ሳትጮኽ፥ ሳትሳደብ፥ «መምህር፤ ውሻህ ተከትቧል ወይስ አልተከተበም?» ብላ ጠየቀችኝ። «ተከትቧል» አልሁ። «ወረቀቱ የት ነው?» አለች። ወረቀቱ በመሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ መሳቢያው በተቆለፈው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ቁልፉ በኪሴ ነበር፤ እኔም ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ ከዓባይ ማዶ ነበርሁ። «እሺ ውሻውስ የት ነው?» አለች። ይህንንም የሚያውቅ አልነበረም። ቀጥላም «ለልጁ ምን ነግረኸው ነው የሄድኸው?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ልብ ይበሉ፤ እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በዚያው ዓመት ለተማሪዎቼ ስለ ቫይረስ ሳስተምር፥ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በሽተኛው ይድናል ለማለት እንደማይቻል፥ መድኃኒቱ ምልክቱ ሳይታይ ፈጥኖ መከላከል ብቻ እንደ ሆነ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው፤ ከመቶው 99 ያህሉ የሚይዘው ከውሻ ነው፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ይህን ሁሉ በቃሌ አውቃለሁ። የክትባት ካርዱን ግን ቆልፌበት ሄድሁ።

ደግነቱ እናቲቱ ከእኔ ይልቅ ነቅታ ነበር። በዚያው ሌሊት የልጅቷን ክንድ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለረጅም ጊዜ አጥባ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። (እርስዎም ያስታውሱ፤ የሚመከረው 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት መለጠፍ፥ በጨርቅ አፍኖ ማሰር አይደለም።) ውሻው ስላልተገኘ፥ መከተቡንም የሚያስረዳ ወረቀት ስላልነበረ፥ ክትባቱ ወዲያው ተጀመረላት።

የክትባቱ ታሪክ ራሱ ከአንድ ልጅ የተነሣ ነው። በጁላይ 6 ቀን 1885 እ.ኤ.አ. ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ጆሴፍ ሜይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ እብድ ውሻ ነክሶት ወደ ፓሪስ ሲያመጡት፥ እስከዚያ ድረስ ለዚህ በሽታ በሰው ላይ በወጉ ያልሞከረውን ክትባት ሰጠው፤ ልጁም ዳነ። በከተማችን «ፓስተር» የምንለው ሠፈር ስሙን ያገኘው በዚሁ ሊቅ ስም ተሰይሞ ከነበረው ተቋም ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። አሮጌዎቹ የአዲስ አበባ ሰዎች «ውሻ ነከሰው» ሲባሉ «ፓስተር ውሰዱት» የሚሉት ከዚያ የተነሣ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እኔ በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ተመለስሁ። ውሻው በአራተኛው ቀን በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጥር አጠገብ ተገኘ፤ ያገኘው ያው ተማሪ ነው፤ ሦስት ሌሊት ዙሮ ዙሮ መፈለጉን ልክድበት አልፈልግም። ክፍሌን ከፍቼ ካርዱን አወጣሁ፤ ከተከተበ ሰባት ወር ሆኖታል። ይህ መልካም ነው፤ ግን የተነከሰ ሰው ካለ ውሻው ለ10 ቀን ታስሮ መጠበቅ አለበት። በነከሰበት ጊዜ በሽታው በምራቁ ከነበረ፥ በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። ስለዚህ እስከ ነሐሴ 22 ቀን ድረስ ጠበቅን። ውኃ ይጠጣል ወይ? መንጋጋው አልወደቀም ወይ? ድምፁ አልተለወጠም ወይ? ምራቁ አይዝረበረብም ወይ? የሕፃኗ እናት በየማለዳው ወደ ሥራ ስትሄድ በግቢያችን በር ቆማ፥ ሰላምታም ሳትሰጠኝ፥ ውሻውን ለአንድ ደቂቃ ያህል ትመለከተውና ትሄድ ነበር። እኔም ከነሐሴ 16 ጀምሮ እስከዚያች ቀን ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም።

ቡቺ ጤነኛ ሆነ። ልጅቷም ደኅና ናት፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ነገር ግን ዛሬም ከቡቺ ጋር ስታየኝ ወደ ማዶው ተሻግራ ነው የምታልፈው።

እንግዲህ የሐዋሳው ወጣት «ታማኝ ሰው እንዴት ልምረጥ?» ሲለኝ ወደ አእምሮዬ የመጣው ይህ ነው። ያ ተማሪ ሌባ አልነበረም፤ ውሻም አይጠላም። እኔ «ታማኝ» የሚለውን ቃል የተረዳሁት ገንዘቤን የማይበላ፥ ውሻዬን የማይመታ ሰው ብሎ ነበር። ጉድለቱ ከሁለት በኩል መጣ። የእርሱ ጉድለት ክፉ ወሬ መናገር መፍራቱ ነው። የእኔ ጉድለት ደግሞ ምንም ሳልነግረው መሄዴ ነው፤ ይህም ከእርሱ ይበልጣል።

ባለአደራ ሲመርጡ አስቀድመው የሚመለከቱት ሰውዬው መጥፎ ነገር ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ነው። ይህን በምን ያውቁታል? ያለፈ ነገሩን ይጠይቁት። «ሰው ያስቀመጠብህ ዕቃ ጠፍቶብህ ያውቃል?» ቢሉት፥ «እኔ? በጭራሽ!» የሚለውን ጥቂት ይጠርጥሩት። «አዎ፤ የጓደኛዬ ስልክ ወድቆብኝ ተሰበረ፤ በዚያው ማታ ነገርሁት» የሚለውን ግን ይያዙት። አባቶቻችን ሠራተኛ ሲቀጥሩ ተያዥ አምጣ የሚሉት በከንቱ አልነበረም። ለውሻ ጠባቂ የተጻፈ ዋስትና ይጠየቅ ማለቴ አይደለም፤ ግን ከዚህ ቀደም የማን ውሻ፥ የማን ቤት፥ የማን ልጅ ጠብቆ እንደ ነበር ጠይቀው፥ ያንን ሰው ደግሞ ሄደው ያነጋግሩት። ሰው ያፍራል እንጂ ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል።

እኔ አሁን ቡቺን የምሰጣቸው እናት በግቢያችን በር አጠገብ ጀበና ቡና የሚሸጡ ናቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ የሠፈሩ የባቡር ሰዎች ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ ቁልፉንም፥ ዶሮውንም፥ ለፋሲካ የገዙትንም በግ እርሳቸው ዘንድ እያኖሩ ይሄዱ ነበር ይባላል። መጀመሪያ ስለምናቸው እንቢ አሉኝ። «ልጄ፤ የልጅ ልጄ እኔ ዘንድ ናት፤ ገና ድክ ድክ የምትል ናት። እርሷ እስክትሄድ ውሻ አልቀበልህም» አሉ። ተከፋሁ፤ በኋላ ግን ሳስበው እስከ ዛሬ ካገኘሁት ምስክር ወረቀት ሁሉ ይህ እንቢታ ይበልጥ ነበር። ሕፃኗ ወደ እናቷ በተመለሰች ጊዜ ራሳቸው ጠርተውኝ፥ ቡናዬን ቀድተው፥ ጥያቄ ያዘንቡብኝ ጀመር።

«የሚፈራው ምንድን ነው?»

«ጅራፍና ርችት፥ እማማ።»

«ሲፈራ የት ይገባል?»

«አልጋ ሥር።»

«እንግዲያው የክፍልህን ቁልፍ ሰጥተኸኝ ትሄዳለህ። ታሞ የሚያውቀው ሐኪም የት ነው? ስልክህ ባይሠራ ለማን ልደውል? ለሐኪሙ ስንት ድረስ ላውጣ? ሰው ቢነክስ ወረቀቱ የት ነው?» አሉና ጥቂት ዝም ብለው፥ «ቢሞትብኝስ፥ እስክትመጣ ላቆየው ወይስ ልቅበረው?» አሉኝ።

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቀኝ ሌላ ሰው የለም። እኔ ለልጁ አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁትም፤ እርሱም እኔን አልጠየቀኝም፤ እርሳቸው ግን በአንድ ሲኒ ቡና ውስጥ ሁሉን ጨረሱት። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ ሊያኖሩበት ያሰቡት ሰው ምንም ሳይጠይቅ «እሺ፥ አታስብ» ካለዎ ገና ሰው አላገኙም፤ ፍለጋዎን ይቀጥሉ።

በውጭ አገር ይህ ነገር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በአሜሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፔት ሲተርስ ኢንተርናሽናል የተባለ የእንስሳት ጠባቂዎች ማኅበር አለ፤ አባሎቹም ከባለቤቱ ጋር ውል ይጻጻፋሉ፤ ገና ሥራው ሳይጀመር ቤቱ ድረስ ሄደው ከእንስሳው ጋር ይተዋወቃሉ። በእኛም ከተማ ውሻ የሚያሳድሩ የእንስሳት ክሊኒኮችና አሠልጣኞች አሉ። ዐቅሙ ካለዎ መልካም ነው፤ ግን ሄደው በዓይንዎ ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። የሌሎቹ ውሾች ማደሪያ ንጹሕ መሆኑን፥ ውኃ መኖሩን፥ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእርስዎን ውሻ ከመቀበላቸው በፊት የክትባቱን ካርድ የሚጠይቁ መሆናቸውን ይመልከቱ። የእርስዎን ካልጠየቁ የሌላውንም አልጠየቁ ማለት ነው። «ዶክተር» የሚለውም ሰሌዳ አይብቃዎ፤ የእንስሳት ሕክምና በዚህ አገር በቢሾፍቱ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነውና፥ ሙያተኛው የት እንደ ተማረ መጠየቅ ነውር የለበትም። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ ነበረቻቸው፤ በቤተ መንግሥት ላለች ውሻ የሚጨነቅላት አይጠፋም። እኔ የምጽፈው ግን በደመወዝ ለሚኖረው ነው።

ስለ ክፍያ ካነሣን ዘንድ፥ የጎረቤት አደራ በነጻ ነው የሚለውን ልማድ እኔ አልወደውም። ጎረቤትዎ በነጻ ሲይዝልዎ፥ ቢሳሳት ሊወቅሱት አይችሉም፤ እርሱም ቢቸገር ሊነግርዎ ያፍራል። እማማ መጀመሪያ «ከአንተ ገንዘብ? ደግሞ ለውሻ?» ብለው ተቆጡ። በኋላ የምግቡን ገንዘብ አስቀድሜ፥ የድካማቸውን ደግሞ ስመለስ ለመስጠት ተስማማን። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ «ዛሬ ለምን አልደወሉልኝም?» ለማለት አፍ አገኘሁ፤ እርሳቸውም «ያመጣኸው ገንዘብ አልበቃም» ለማለት አፍ አገኙ።

ምግብን በተመለከተ ሙያ የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ውሻ ማብላት የሚያውቅ ይመስለዋልና። የበዓል ዕለት የዶሮ ወጥ ትርፍ ለውሻ ማፍሰስ ደግነት ይመስላል። ወጣችን ግን መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ይጎዳሉ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እንደ ስንጥር ተሰብሮ አንጀቱን ሊበሳ ይችላል። ከልኳንዳ በርካሽ የሚገኘው ሳንባና ጉበትስ? ውኃ የቋጠረ ዕባጭ ያለበትን ሳንባ ጥሬውን የበላ ውሻ በሆዱ ትል ያፈራል፤ የትሉ ዕንቁላል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በእጅ፥ በጎመንና በውኃ ወደ ሰው ይገባል፤ በሰውም ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ዕባጭ ያወጣል። ስለዚህ በደንብ ተቀቅሎ ይሰጥ። ሌላም አለ፤ በዐቢይ ጾም ከሄዱ አብዛኛው ልኳንዳ ዝግ ነው፤ ባለአደራዎም ጿሚ ከሆኑ በቤታቸው ሥጋ አይገኝም። የእኔ ቡቺ ባለፈው ዓመት ሳይወድ በግድ ከሽሮ ፍትፍት ጋር ጾሞ ነበር፤ ሽሮውም ያለ ሽንኩርት እንዲሠራ መንገሬን ግን አልረሳሁም።

ሰውን ያለ ልኩ አደራ አለመጫንም ይገባል። በልጅነቱ ውሻ ነክሶት የሚፈራ ሰው አለ፤ በሃይማኖቱ ምክንያት ከውሻ ምራቅ የሚጠነቀቅ መልካም ጎረቤት አለ። እነዚህ ሰዎች ይሉኝታ ይዟቸው እሺ ይሉዎ ይሆናል፤ እርስዎ ግን ፊታቸውን አይተው ይተዉት።

ካገኙም በኋላ ከጉዞዎ በፊት አንድ ሌሊት ይሞክሩ። ውሻውን እዚያው ያሳድሩና በማግሥቱ ማለዳ ሳይነግሩ ብቅ ይበሉ። ውኃው ተቀድቷል ወይ? ማሰሪያው አንገቱን አላጠበቀውም ወይ? በሩ ተዘግቷል ወይ? የአንገት ማሰሪያው ላይ የስልክ ቁጥርዎን መጻፍ አይርሱ፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻ በዚህ ከተማ ብዙ ወዳጅ የለውም።

ስለ ድመት የምለው ጥቂት ነው። ድመት ከሰው ይልቅ ቤት ትወዳለች፤ ወደ ሌላ ቤት ቢወስዷት ሸሽታ ልትጠፋ ትችላለች። ባለችበት ትቆይ፥ ሰው እየመጣ ያብላት። ጎረቤት የአይጥ መርዝ መበተን አለመበተኑን ግን ይጠይቁ።

«ይዤው ብሄድስ?» የሚል ይኖራል። የማይሆን አይደለም፤ ነገር ግን ክትባቱን ሳያደርሱ የከተማ ውሻ ወደ ገጠር፥ የገጠሩንም ወደ ከተማ አይውሰዱ። በባሌ ተራሮች በዓለም በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ከአምስት መቶ በታች እንደ ቀረ ይገመታል፤ ይህንንም ጥቂት በ1990ዎቹ መጀመሪያ፥ በ2003 እና በ2008 እ.ኤ.አ. ከለማዳ ውሾች የተጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ክፉኛ አጥቅቶታል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቀበሮዎቹ በሥጋ ውስጥ የተሰወረ ክትባት እየተሰጣቸው ነው።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ቤቶች ሲፈርሱ፥ ከትምህርት ቤት ስመለስ በፍርስራሹ መካከል አንድ ቡናማ ውሻ ቀድሞ በር በነበረበት ቦታ ተኝቶ አይ ነበር። በሩ የለም፤ ግቢው የለም፤ እርሱ ግን በሩን ይጠብቃል። ባለቤቶቹ ክፉ ሰዎች ነበሩ ለማለት አልደፍርም፤ ሰው በጥቂት ቀን ዕቃውን ጭኖ ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሲገባ ስንት ነገር ይጥላል። ምናልባትም «እገሌ ይወስደዋል» ብለው ይሆናል፤ እገሌም «እነርሱ ወስደውታል» ብሎ ይሆናል። አንድ ሳምንት ያህል የሠፈሩ ጥበቃዎች ዳቦ ይጥሉለት ነበር። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

የሐዋሳው ወጣት ሆይ፤ የሚሄዱበት ቀን ሳይደርስ ከአሁኑ ይጀምሩ፤ ክትባቱ ዓመት ካለፈው አስቀድመው ያሳድሱ፤ ሐኪሙ ከፈረመ በኋላም ካርዱን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። ዋናው ካርድ ግን ከባለአደራው ዘንድ ይደር።

እኔም በሚመጣው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ነኝ። ትናንት ማታ ቁልፉን፥ ካርዱንና የሐኪሙን ስልክ ቁጥር ለእማማ ወስጄ ሰጠሁ። መነጽራቸውን ፈልገው ካርዱን ገለበጡት፤ «ይህ የመጨረሻው መርፌ የመቼ ነው? ጥር ይላል ወይስ ጥቅምት? የሐኪም ጽሕፈት መቼም አይነበብም» አሉ። ጥር ነው አልኋቸው። «እንግዲያው እዚህ ጠርዙ ላይ በራስህ እጅ አጥርተህ ጻፈው» አሉና እስክሪብቶ አቀበሉኝ። ቡቺ ከረከቦቱ አጠገብ ተጋድሞ ነበር፤ ጻፍሁት።